የአው አብዱላሂ ደብተርና ያልጻፍኳት ቀይ መስመር

ዓይኔ ሬዚስታንስ የምንላትን የሬዲዮ ዕቃ የቀለም መስመሮች መለየት ሲያቅተው የመበየጃ ካውያዬን ከሶኬት ነቅዬ ሥራ አቆምኩ። ቀዩን ቡናማ፣ ቡናማውን ብርቱካንማ ማለት ከጀመሩ በኋላ የሰው ሬዲዮ መክፈት ደግ አይደለም። ጠረጴዛዬን ለጎረቤት ሰጠሁ፤ አሁን ሽንኩርት ይቸረቸርበታል። ከአርባ ዓመት በላይ የተደገፍኩበት ጠርዙ የክንዴን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። በዚያ ሳልፍ ሰላም የምለው ሽንኩርት ሻጯን ይሁን ጠረጴዛውን እኔም ለይቼ አላውቀው።

ቤት ስውል ልጄ ሰብለ አላስቻላትም። «አባዬ፣ ግድግዳ ከምታይ የሥራህን ነገር ጻፍ» ብላ ያረጀ ኮምፒውተሯን አመጣችልኝ። ውስጡ የመጻፊያ ፕሮግራም ጫነችበት፤ ዘፈን ማጫወቻም፣ የደበዘዘ ፎቶ ማስተካከያም ጨመረችበት። እኔ መቼም የሰው ዕቃ ሳይ ከየት መጣ ማለት ልማዴ ነው።

«ይሄን ሁሉ ማን ሰጠሽ?»

«ማንም። ነጻ ነው አባዬ፣ ከኢንተርኔት አወረድኩት።»

«ነጻ ስትይ… ተሰርቆ ነው?»

ሳቀችብኝ። «ኧረ አይደለም! የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው ክፍት አድርገው የተዉት። የፈለገ ይጠቀምበታል፤ ገልብጦ ለጓደኛው ይሰጣል። የሚችል ደግሞ ውስጡን ከፍቶ እንዴት እንደተሠራ ያያል። ስህተት ካገኘ ያርመዋል፣ ያረመውንም ለሁሉም ይመልሳል።»

«ያረመው ሰው ስሙ ይጻፋል?»

«አዎ፣ ይጻፋል።»

ዓይኔን በመዳፌ አሸት አደረግኩ። እሷም ጎንበስ ብላ ፊቴን አየች። «አባዬ፣ ምነው? ዓይንህን አመመህ?»

«አይ» አልኳት። «ይሄማ የአው አብዱላሂ ደብተር ነው።»

እንግዲህ የምጽፈው የዚያን ደብተር ነገር ነው። በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ ስለሆነ የሚያነብ ሰው ይታገሰኝ።

የተወለድኩት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ለገሃር አጠገብ ነው። አባቴ ከመንዝ ወርዶ ዕድሜ ልኩን ሐዲድ ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ማንንም አልወቅስም። መጀመሪያ የተቀጠርኩት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ረዳት ሆኜ ነው። አለቃዬ ቁጡ ነበር፣ ግን ቅን ሰው። «ሽቦ ከመንካትህ በፊት ማጥፊያውን ራስህ ሄደህ እይ፤ አጥፍቻለሁ የሚልህን ወንድምህንም ቢሆን አትመን» ይለኝ ነበር። በሕይወት የቆየሁት በዚህ ቃሉ ነው። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ከወር ወር ያደርስ ነበር፣ በቃ።

ሃያ አራት ዓመት ሲሆነኝ ትራንዚስተር ሬዲዮዬ ተበላሸችና ደቻቱን፣ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለውን አሸዋማ የወንዝ መውረጃ፣ ተሻግሬ መጋላ ገበያ ወሰድኳት። አሸዋውን ወጥተው ወደ ገበያው ሲታጠፉ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች፣ በሯ ሰማያዊ። ባለቤቷ አው አብዱላሂ ይባላሉ። አው ማለት ሐረሪዎች ለታላቅ ሰው የሚሰጡት የክብር ስም ነው። በወጣትነታቸው በባቡሩ የቴሌግራፍ ክፍል ከፈረንጆች ጋር ሠርተው ስለነበር የሬዲዮን የውስጥ ሥዕል፣ ሽቦው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚያሳየውን፣ «ሼማ» ብለው ነው የሚጠሩት። እኛም ከሳቸው ወርሰን ሼማ እንላለን።

«ምን ትላለች?» አሉኝ ሬዲዮዬን ተቀብለው።

«ማን?»

«ሬዲዮህ ናታ! ሲያማት ምን ትላለች? ታንቋርራለች? ታፏጫለች? ወይስ አኩርፋ ዝም ብላለች?»

«መጀመሪያ ታንቋርር ነበር፣ ኋላ ዝም አለች።»

«እሺ አቦ፣ ቁጭ በል። ስትድን እያየህ ውሰዳት።»

ሌላ ቦታ ሬዲዮ ሲሰጡ «ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ» ተብሎ በር ይዘጋል። እሳቸው በፊቴ ከፈቷት። ብሎኖቿን ሲያወጡ እንደ ሌላው በቆርቆሮ ውስጥ አልደባለቁም፤ በካርቶን ላይ የሬዲዮዋን ቅርጽ በእርሳስ ሣሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ካርቶኑ ላይ ሰኩት። ቀጥለው አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቷት። «የተቃጠለ ነገር ከዓይን ለአፍንጫ ይቀርባል» አሉኝ። ለነኩት ነገር ሁሉ የእጃቸውን ጀርባ ነበር የሚያስቀድሙት፤ ኤሌክትሪክ ቢይዝ እጅ ወደ ራሱ ይሸሻል እንጂ አይጨብጥም። ጨርሰው ሲሰጡኝ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ በወረቀት ጠቅልለው ጨመሩልኝ። «ያንተ ነው፤ ምን እንደሞተብህ እወቅ» አሉኝ።

በማግሥቱ ምንም ሳይበላሽብኝ ሄድኩ። ከዚያም መሄድ አላቆምኩም። በሁለተኛው ወር ፋብሪካውን ለቅቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ደብተሩ ከበሩ አጠገብ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ የባቡር መሥሪያ ቤቱ የጣለው ወፍራም መዝገብ። በገጹ አንድ ፊት የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት፣ በባዶው ፊት ላይ የአው አብዱላሂ ሼማዎች። ከፍተው የጠገኑት ሬዲዮ ሁሉ ሼማው አለ፤ የት እንደሚበላሽ፣ ምን ሲጠፋ በምን እንደሚተካ። መጀመሪያ ቀን ሳየው «ይሄ ከበር ላይ ሲቀመጥ አይሰረቅም?» ብያቸው ነበር።

«ምኑ ይሰረቃል? የፈለገ ቁጭ ብሎ ይቅዳው፤ ወንበሩ ለዚያ ነው።»

እውነትም ያ ወንበር ባዶ የሚሆንበት ቀን ጥቂት ነበር። የከዚራ ሰፈር የባቡር ጡረተኞች፣ የገንደ ቆሬ ሰፈር ጠጋኞች፣ ከሁርሶ የወታደር ማሠልጠኛ የመገናኛ ሃምሳ አለቃ፣ ከሐረር የሚወርዱ ሳይቀሩ መጥተው ይቀዱ ነበር። አንዱ በአማርኛ ይጽፋል፣ አንዱ በዐረብ ፊደል፣ አንዱ ኦሮምኛውን በእኛ ፊደል። አው አብዱላሂ ከሰው የሚጠይቁት ጥቂት ነገር ነበር። አንድ ገጽ የቀዳ ሰው ከገጹ ግርጌ ስሙንና ሰፈሩን ይጽፋል። የቀዳውንም ሌላ ሰው ልቅዳ ሲለው አይከለክልም። ስህተት ያገኘ ደግሞ ተመልሶ መጥቶ በዚያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል፤ ስሙን ሳይጽፍ አይሄድም።

«ስሙ ለምን?» አልኳቸው።

«እርማቱ ያልገባው ሰው ማንን ይጠይቃል? ስም የሌለው እርማት ሜዳ ላይ የተጣለ ቁልፍ ነው፤ የየትኛው በር እንደሆነ ማን ያውቃል?»

የሳቸው የራሳቸው ገጾች በሰው ቀይ መስመር የተሞሉ ነበሩ። አንድ ሰው ስህተታቸውን ሲያገኝ ደስ ይላቸዋል፤ ሻይ ያዙለታል።

የሶማሊያ ጦርነት ካለፈ በኋላ፣ በደርግ ዘመን፣ ጊዜው የከበደ ጊዜ፣ አንድ የቀበሌ ሰው መጥቶ ደብተሩን ገለጠና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ የስም ዝርዝር ምንድን ነው?»

እኔ ካውያዬን አስቀመጥኩ። በዚያ ጊዜ የስም ዝርዝር ማለት ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቃል። አው አብዱላሂ ቀና እንኳ አላሉም።

«የተሳሳቱና ስህተት ያገኙ ሰዎች ናቸው።»

«መሪያቸው ማነው?»

«ዛሬ ይሄ ነው» አሉ የመጨረሻውን ቀይ መስመር በጣታቸው እየነኩ። «ነገ ሌላ ስህተት ያገኘ ይሆናል። ቁጭ በል አቦ፤ ቆመህ አይነበብም።»

ሰውዬው ተቀመጠ። ረጅም ጊዜ ገጽ ገለበጠ፤ ሼማ፣ ሼማ፣ ሼማ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔ ሬዲዮ እኮ ምሽት ምሽት ላይ ያፏጫል» አለ። በማግሥቱ ይዞት መጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ስም ዝርዝሩ የጠየቀን የለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሳልጽፈው ባልፍ ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው።

በዚያን ጊዜ በድሬዳዋ፣ በተለይ በከዚራ የባቡር ቤቶች፣ የእንጨት ሣጥን ያላቸው ትልልቅ አሮጌ ሬዲዮዎች ብዙ ነበሩ። ውስጣቸው ትራንዚስተር የለም፤ እንደ አምፖል ከመስታወት የተሠሩ፣ ሲበሩ ፍም የሚመስሉ ላምፓዎች ናቸው። ከላምፓዎቹ አንዷ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ አስተካክላ ለሌሎቹ የምታቀብል ናት። ቀድማ የምትሞተውም እሷ ናት፤ ዕቃ ከውጭ መግባት ስላቆመ ደግሞ ምትክ የላትም። አው አብዱላሂ መላ ፈጠሩ። የሞተችውን ላምፓ መስታወት ሰብረው፣ በእግሯ ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያክሉ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዳዮዶች በይደው መልሰው ይሰኳታል። ሬዲዮው ይነሣል። ሼማውን በደብተሩ አሰፈሩት። ዘጠኝ ሰዎች ቀዱት፤ ዘጠኝ ስም ከግርጌው ሰፈረ።

አው አብዱላሂ ለለቅሶ ሐረር ሄደው አንድ ሳምንት በቆዩበት ጊዜ በዚያ መላ ከጠገንናቸው አንዱ ሬዲዮ ተመልሶ መጣ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ኮንደንሰር አብጦ ፈንድቷል። ለወጥኩት። ሳበራው የእጄን ጀርባ ወደ አዲሱ አስጠጋሁ፤ ትኩስ ነው። በኤሌክትሪክ መለኪያው በቴስተር ብለካው የሚገባው ኤሌክትሪክ ሊሆን ከሚገባው በላይ ነው። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ለካ ላምፓዋ ቀስ ብላ ስለምትሞቅ ኤሌክትሪኩን ቀስ አድርጋ ነበር የምታቀብለው፣ ከመንገዱም ጥቂት ታስቀር ነበር። ዳዮዱ ግን ማብሪያው እንደተነካ ያለ የሌለውን በአንዴ ይለቀዋል። ከዳዮዱ በኋላ ኤሌክትሪኩን የሚገታ አንድ ወፍራም ሬዚስታንስ አስገባሁ። ኮንደንሰሩ ቀዘቀዘ። ሬዲዮው እንደ ድሮው በለሰለሰ ድምፅ ዘፈነ። እኔም ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ቀይ እስክሪብቶው በክር ታስሮ ከደብተሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ መስመር ነበር የሚጠበቅብኝ።

አልጻፍኩም። ሬዚስታንሷን በሲጋራ ፓኮ ውስጠኛ ወረቀት ላይ ሣልኩና ከቀበሌ መታወቂያዬ ጋር አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ለምን ብባል፣ ክፋት አልነበረም። በዚያ ዘመን ሁሉ ነገር በሰልፍ፣ ሁሉ ነገር በጋራ ነበር። የኔ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ቢኖረኝ ምናለ አልኩ። አው አብዱላሂ ሲመለሱ «የላምፓ ሬዲዮ ለኔ ይተዉልኝ፣ ዓይንዎን ያደክማል» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ተዉልኝ። ሌሎቹ የጠገኗቸው ሬዲዮዎች አንድ በአንድ ሲፈነዱ የኔዎቹ አይመለሱም። ከተማው ይህን አስተዋለ። «ጌታሁን የነካው አይመለስም» ይባል ጀመር። አምስት ወር ሙሉ በዚህ ቃል ሞቀኝ።

እትዬ አስካለ የምትባል የከዚራ ሴት ነበረች፤ ባሏ ከአው አብዱላሂ ጋር በባቡሩ የሠራ፣ የሞተ። አንድ ልጇ ሁርሶ ሠልጥኖ ወደ ሰሜን ተልኮ ነበር። ልጇ ያለበት ቦታ ስሙ ድንገት ቢነሣ ብላ ከባሏ በተረፈው ትልቅ ሬዲዮ ሥር ተቀምጣ ነው የምትውል። ላምፓው ሞተና በጋሪ አስጭና መጣች።

«ይሄን እኔ ራሴ እሠራዋለሁ» አሉ አው አብዱላሂ። «የጓደኛዬ ሬዲዮ ነው።»

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። መስታወቱን ሰበሩ፣ ዳዮዶቹን በየዱ፣ ልክ በደብተሩ እንዳለው። ሬዚስታንስ የለም። ከሰዓት ለሶላት ሲሄዱ ቀስ ብዬ እጨምርበታለሁ፣ ማንም አያውቅም አልኩ በልቤ። እትዬ አስካለ ግን እስከ ከሰዓት መቼ ትጠብቃለች! ገና ሻይ ሳንጠጣ ጋሪውን ይዛ ከበር ቆመች። እሳቸውም መርቀው አስጫኑላት። ቤቷ ከሱቁ ሩቅ አልነበረም፤ ደቻቱን መሻገር ብቻ ነው። አልሄድኩም። ነገ እላለሁ፣ ነገ ሥራ ይበዛል።

በሦስተኛው ሳምንት እያለቀሰች መጣች። ሬዲዮው ጮሆ ፈነዳ፤ ጭሱ መጋረጃውን አጥቁሯል፤ ውስጡ እስከ ማስተካከያው ሽቦ ድረስ ነዶ አልቋል።

«አው አብዱላሂ፣ ምን አደረግኩህ?» አለች። ስድብ አልነበረም። ስድብ ቢሆን በተሻለ።

እሳቸው የተቃጠለውን አንሥተው አሸተቱ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «እጄ ከዳኝ፤ ዓይኔም» አሉ። «ጌታሁን የሠራው ሲዘፍን እኔ የሠራሁት ይፈነዳል። በቃኝ።» ካውያቸውን ጠቅልለው በእጄ ሰጡኝና በሰማያዊው በር ወጡ።

ሁለት ሳምንት ብቻዬን ሠራሁ። ሰዉ ያመሰግነኛል። መታወቂያዬን ባወጣሁ ቁጥር ያቺ ወረቀት አብራ ትወጣለች። አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አይቅሙትም፣ ቅጠሉን ይፈትሉታል።

«ና፣ ተቀመጥ። ሱቁ እንዴት ነው?»

«አው፣ እጅዎ አልከዳዎትም።»

«ተው አታጽናናኝ፣ ሽማግሌ ነኝ እንጂ ሕፃን አይደለሁም።»

የሲጋራውን ወረቀት ዘረጋሁላቸው። ወደ ብርሃን አድርገው አዩት። የሣልኳት ሬዚስታንስ ላይ ጣታቸው ቆመ። ጎበዝ ሰው ነበሩ፣ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቁኝም።

«መቼ ነው ያገኘኸው?»

«አምስት ወር አለፈው። ሐረር ሳሉ።»

«የአስካለን ስበይድ አጠገቤ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

ጎረቤት ውስጥ ዶሮ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን እንደነበረ አጥፈው መለሱልኝ።

«አምስት ወር ሙሉ ይሄን ተሸክመህ ዞርክ? አቦ፣ እንዴት አልከበደህም?»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ አላቋረጡኝምም። ስጨርስ «ለኔ የነገርከኝ ይበቃል፤ አሁን ለደብተሩ ንገረው» አሉ። በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ ጠሩኝ። «ደብተሩ ብቻውን አይበቃም። ከግርጌ ስንት ስም አለ?»

«ዘጠኝ።»

«እግር አለህ አይደል?»

በዚያኑ ቀን በቀይ ጻፍኩ። «ከዳዮዱ በኋላ ሬዚስታንስ ይግባ፤ ያለዚያ ኮንደንሰሩ ይፈነዳል። ያገኘሁት ከአምስት ወር በፊት ነው፤ ሳልጽፍ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ጌታሁን፣ ለገሃር።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አላዘዘኝም። ግን ያለሷ እርማቱ ሙሉ አልመሰለኝም።

ከማግሥቱ ጀምሮ ቀይ እስክሪብቶ ኪሴ አድርጌ ዞርኩ። ስማቸውና ሰፈራቸው ባይጻፍ የት አገኛቸው ነበር? በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ጡረተኞቹን አገኘሁ፤ አንዱ ሰደበኝ፣ አንዱ ምሳ ጋበዘኝ፣ የሰደበኝም መጨረሻ ላይ ሻይ አጠጣኝ። ሁርሶ በር ላይ ግማሽ ቀን ከቆምኩ በኋላ ሃምሳ አለቃው ወጣ። የቀዳውን ከኪሱ አውጥቶ በጉልበቱ ላይ አረመና «እኔኮ ሦስት ኮንደንሰር አፈንድቼ ኤሌክትሪኩን ነበር የምረግመው» አለኝ። ሐረር በጭነት መኪና ወጣሁ። በየደረስኩበት ያንኑ ቃል መናገር ነበረብኝ፤ አውቄ ነው የደበቅኩት። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ምላሴ ለምዶት ነበር፣ ልቤ ግን አልለመደውም።

የቀረኝ ዋርሳሜ ነበር፤ በመጋላ ሌላኛው ጫፍ የሚሠራ ሶማሌ ጠጋኝ፣ ቀልደኛ፣ በሥራ የምፎካከረው ሰው። ሆን ብዬ ነው ለመጨረሻ ያስቀረሁት።

«ዋርያ ጌታሁን! ዛሬ ፀሐይ ከየት ወጣች?»

«ዋርሳሜ፣ ያቺ የላምፓ ሼማ ስህተት አለባት።»

«አውቃለሁ። ሬዚስታንስ የላትም።»

ደነገጥኩ። «ማን ነገረህ?»

«አንተ።»

«እኔ መቼ?»

ከመደርደሪያ የቀዳበትን የራሱን ደብተር አወረደና ገለጠልኝ። ሼማው ላይ ሬዚስታንሷ በቀይ ተሥላለች፣ ልክ በቦታዋ። ሥር እንዲህ ይላል፦ «ያገኘው ጌታሁን፣ ለገሃር። የጻፈው ዋርሳሜ፣ መጋላ።»

«አንተ የጠገንከው የአንድ ነጋዴ ሬዲዮ ማብሪያው ተሰብሮ ወደኔ መጣ» አለኝ እየሳቀ። «ከፈትኩ፣ አየሁ። ወላሂ፣ ጎበዝ ነህ አልኩ! የሰው ሥራ በስሜ አልጽፍም፤ ስምህን ጻፍኩ። ወደ አው አብዱላሂ ደብተርማ አንተ እዚያው ቁጭ ብለህ እኔ ለምን ልምጣ? ያው ጽፈኸዋል ብዬ ነው።»

ለካ ለሰው መልሼ ለሰጠሁት፣ ማንም በአራት ብሎን ለሚከፍተው ሬዲዮ ምሥጢር ጠባቂ ሆኜ ነበር። እኔ ስሜን ላሳድግ የደበቅኩትን፣ የምፎካከረው ሰው በኔ ስም ጽፎ፣ የጠየቀውን ሁሉ አስቀድቶ ነበር። ለዋርሳሜም እውነቱን ነገርኩት። ሳቁን አቆመና «አሁንስ ጻፍከው?» አለኝ።

«ጻፍኩት።»

«እንግዲያው ምን ሆነህ ነው እንደዚህ የገረጣኸው? ቁጭ በል አቦ፣ ቀዝቀዝ ይበልህ» አለና ወንበሩን ከማራገቢያው ሥር ገፋልኝ።

የቀረው የእትዬ አስካለ ሬዲዮ ነበር። ዋርሳሜ ከሞቱ ሬዲዮዎች አንዱን ሰጠኝ፤ የከዚራው ተሳዳቢ ሌላ ጨመረልኝ። ከሁለቱ አንድ አወጣሁና በባሏ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። ሬዚስታንሷን ብቻ ሳልበይድ ተውኳትና አው አብዱላሂን ጠራሁ። መጡ። ካውያቸውን ከጠቀለሉበት ጨርቅ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እኔ መብራት ይዤላቸው፣ እሳቸው በየዱ። እጃቸው ንቅንቅ አላለም።

እትዬ አስካለ ቤት አብረን ወሰድነው። ከማብራታችን በፊት ጥፋቱ የማን እንደነበር ነገርኳት፤ እሷም ሬዲዮውን የምናስቀምጥበትን ቦታ በእጇ አሳየችን። ሬዲዮው በርቶ መናገር ሲጀምር ጆሮዋን ድምፁ ከሚወጣበት ጨርቅ ላይ አስጠግታ አዳመጠች።

«ድምፁ የድሮው ነው» አለች። ቀጥላ ወደኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ በየሳምንቱ እየመጣህ ታየዋለህ። እስክትሞት።»

በየሳምንቱ ሄድኩ። ልጇ ከዓመታት በኋላ በእግሩ ተመለሰ። ሬዲዮው ጮክ ብሎ ስለነበር ማንኳኳቱን ሳትሰማ በር ላይ ብዙ ቆመ ይላሉ፤ እሷ ግን ይሄን ታሪክ ስትሰማ ትቆጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ በጥገና ኅብረት ሥራ ማኅበር ሠራሁ፣ ሊቀ መንበርም ተብዬ ነበር፤ ኋላ የራሴን ጠረጴዛ ይዤ ቴሌቪዥንም ጠገንኩ። አለቃ አይቼ አልፌያለሁ፣ ስብሰባም እንደዚያው። የሚያስታውሰኝ ሰው ካለ የሚያስታውሰኝ ግን ከደጄ በነበረው ደብተር ነው። አው አብዱላሂ ሲያርፉ ዋናው ወደኔ መጣ፣ ከበር ላይም አልተነሣም። አንድ የደቻቱ ጎርፍ ሱቁ ገብቶ ገጾቹን አንድ ላይ ሲያጣብቃቸው አላለቀስኩም። ከሁርሶ፣ ከከዚራ፣ ከዋርሳሜ፣ ከሐረር የተቀዳው ሁሉ ተሰብስቦ እንደገና ተጻፈ። አንድም ሼማ አልጠፋብን። ያቺ የላምፓ ገጽም ተመለሰች፤ ግን የዋርሳሜን ቀይ መስመር ይዛ መጣች እንጂ የኔን ኑዛዜ አይደለም። መልሼ በእጄ ጻፍኩት።

አሁን ሰብለ የጫነችልኝን የዘፈን ማጫወቻ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ደግ ዕቃ ነው፣ የያዝኩትን አሮጌ ካሴት ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠን በሱ እሰማለሁ። ብቻ ረዘም ያለ ዘፈን መሐል ላይ አቁሜው ስመለስ ካቆምኩበት አይቀጥልም፤ ከመጀመሪያው ይነሣል። ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ አየሁት። ሁልጊዜ አይደለም፤ ካሴቱን በሁለት ከፍለን ያስገባናቸው ላይ ብቻ ነው። የትኞቹ እንደሆኑ በወረቀት ያዝኩ። ከዚያ ሰብለን ጠራኋት።

«አባዬ፣ ይሄን እኮ ለሠሪዎቹ መጻፍ ይቻላል! ስህተት ያገኘ የሚጽፍበት ቦታ አለው።»

«ዛሬ እንጻፍ» አልኳት።

«ነገ ብንጽፍስ? አሁን ገበያ ልሄድ ነበር።»

«ዛሬ። ተቀመጪ።»

ፊቴን አየችና ዘንቢሏን አስቀመጠች። እኔ እየነገርኳት እሷ በነሱ ቋንቋ ጻፈች። መጨረሻ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ስም ይላል። ግዴታ አይደለም፤ ባዶ ብንተወው ይሄዳል።»

ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞርኩና በአንድ ጣቴ፣ ፊደል በፊደል፣ ጻፍኩ። ጌታሁን፣ ለገሃር፣ ድሬዳዋ።